በጽጌ ወር የተጠጣ አብሾ

ባለፈው ዓመት ጎንደር ለዓይን ሕክምና ሄጄ አንዲት ነርስ ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ጠብታ ጨመረችና «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ» ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እየቆየ የመዳፌ መስመሮች ጠፉብኝ። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ይፈጀኝ ጀመር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ከመስተዋቱ ራቅ ብዬ ብቆም ዓይኔ ውስጥ የነበረው ቡናማ ቀለም የለም፤ ሁሉም ጥቁር ሆኗል። ለጠብታው እንግዳ ነበርኩ፤ ለዚያ ዓይን ግን እንግዳ አልነበርኩም። ልጅ ሳለሁ በወንድሜ በይስማው ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

ወጣቱ ዶክተር ደግ ልጅ ነው። «አይዞዎት፣ ነገ ይለቅዎታል። ይህ ጠብታ እኮ አስተናግር ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ድሮም ከእንደዚያ ያሉ ተክሎች ነበር የሚወጣው» አለኝ። «አውቃታለሁ» አልኩት። ሳቀ። አሮጊት ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ይላል ብሎ ይሆናል። ውጭ ብዙ ሰው ወረፋ ስለሚጠብቅ እሱን ተውኩት፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ቤታችን ቁስቋም ነበር፤ ከጥንቷ እቴጌ የፈረሰ ግንብ ሥር። ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ከተማው ላይ ማኪና ሲያጓራ እስከ እኛ ይሰማል፤ ሰፈራችን ግን የደወልና የተማሪ ሰፈር ነበር። አባቴ መሪጌታ ነው። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይኑን ወስዶበታል፤ ስለዚህ ድጓን፣ ያንን የዓመቱን በዓላት ዜማ ሁሉ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ፣ በጆሮው ተምሮ በልቡ ነው የያዘው። ከጎጃምና ከላስታ የመጡ ተማሪዎች ብራናውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሲሳሳቱ እሱ በባዶ እጁ ያርማቸዋል። «እናንተ መጽሐፍ ይዛችኋል፤ እኔ ደግሞ መጽሐፍ ነኝ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ከቀልዱ ሥር ግን ስጋት ነበረው። መጽሐፍ የሆነ ሰው ሲሞት መጽሐፉ አብሮት ይቀበራል። እንዳይቀበር ተስፋ ያደረገው በአንድ ወንድ ልጁ ነበር።

ይስማው ከእኔ ከፍ ይላል፤ ድምፁ ግን ገና አልጎረነነም። ትምህርት እንደ ውሃ ይጠጣ ነበር። አባየ ጠዋት ያስያዘውን ማታ እንጨት እየሰበረ ሲያዜመው ጎረቤት ሥራውን አቁሞ ይሰማዋል። እናቴ ፈትሏን ስታጠነጥን የክሩን ጫፍ የሚይዝላት እሱ ነው። እኔ ልያዝ ስል «አንች ትበጥሺዋለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እበጥሰው ነበር።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ተስቦ ገብቶ እናታችንን ወሰዳት። ዝናቡ ስላላባራ ቀባሪው ሁሉ የሣር ገሳ ደርቦ ነበር የመጣው። ከገሳው ሥር ሰው መኖሩን አላስተዋልኩም። እናቴን የሣር ክምሮች ተሸክመዋት የሄዱ መስሎኝ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በሣር ክምር አጠገብ ሳልፍ ዞር ብዬ አያለሁ።

ከቀብሯ ወዲህ ይስማው ይረሳ ጀመር። አባየ አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ያስይዘዋል፤ ልጁ እሺ ይላል፣ ያዜማል፣ ዞር ሲል ጠፍቶበታል። በፊት የያዘውም እየተሸራረፈ ሄደ። አባየ መጀመሪያ ታገሠ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በመጨረሻ ማስያዙን ተወ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብሎ በትሩን ወደ ጥግ ሲወረውር ትዝ ይለኛል። በትሩን አንሥቶ የሰጠው ራሱ ይስማው ነው።

ቤቱን ለመያዝ ከደንቢያ የመጣችው የአባቴ እኅት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ልጁን ታይና አንገቷን ትነቀንቃለች። ምላሷ የማይዝላት ሴት ነበረች፤ ድመቷን ሳይቀር ትመክራለች። በዚህ ነገር ግን ገና አፏን አልከፈተችም።

በመስከረም ማለቂያ ጽጌ ሲገባ አያ ጓንጉል መጡ። አያ ጓንጉል የአባቴ የተማሪነት ጓደኛ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡታል። ቆላ ሳንጃ ወርደው በአንድ ደብር ደብተራ ሆነው ይኖራሉ፤ በየዓመቱ ለጽጌ ማኅሌት በእግራቸው ወደ እኛ ይወጣሉ። ለእኔ ሁልጊዜ ሰሊጥ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡልኛል። ረጅም ናቸው፤ እጃቸው ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ በድግስ ሁሉ ጠላውን አሳልፈው ውሃ ይለምናሉ። ለምን ጠላ እንደማይጠጡ ስጠይቃቸው «አንድ ጊዜ ጠጥቼ ጠግቤያለሁ» አሉኝ። አንድ ጊዜ ጠጥቶ ለዘላለም የሚጠግብ ሰው በማየቴ ገረመኝ።

«ምነው መሪጌታ፣ ፊትህ ከሰለ?» አሉት አባቴን፣ ገና አረፍ ሳይሉ።

«ልጄ ልቡ ተዘጋብኝ፣ አያ ጓንጉል። የሰጠሁትን አይዝም።»

«የእኔስ ተዘግቶ አልነበር? ምን ጠጥቼ እንደተከፈተ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም» አለ አባየ። «የዚያን ጊዜ እኔም ስጡኝ ብዬ የኔታን ለምኜ ነበር። ዓይን ለሌለው አይሰጥም ብለው ከለከሉኝ።»

ያን ጊዜ አክስቴ አፏን ከፈተች። «ሳትጠጣ አይደለም ወይ ሁሉን የያዝከው? ምነው ወንድሜ! ይህ ልጅ አዘነ እንጂ መቼ ደነዘዘ? የእናቱ መቃብር አፈሩ እንኳ አልደረቀም።»

«እኔስ አላዘንኩም?» አለ አባየ ቀስ ብሎ። «እኔ የረሳሁት ዜማ አለ?»

አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም በሩ ሥር ተቀምጬ ሰሊጤን እየቆረጠምኩ አባየ እንዳሸነፈ አወቅሁ፤ ምን እንዳሸነፈ ግን አላወቅሁም።

የተወራው ስለ አብሾ ነው። አብሾ ከአስተናግር የሚቀመም፣ የተማሪን ልብ ይከፍታል የሚባል መጠጥ ነው። የጠጣው ልጅ ለቀናት ከራሱ ይወጣል፤ ይለፈልፋል፤ የሌለውን ያያል። በዚያ መካከል መምህሩ አጠገቡ ሆኖ የሚያዜምለት ሁሉ ልቡ ላይ ታትሞ ይቀራል ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ወዲያ ግን እስኪሞት ጠላም ጠጅም ቢቀምስ ያ ልፍለፋ ይነሣበታል ይባላል። ዛሬም ቶሎ የሚጨስ ሰው ስናይ «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያው የመጣ ነው።

አስተናግር ሩቅ የሚፈለግ ተክል አይደለም። ከአጥራችን ጀርባ፣ አመድ በምንደፋበት ቦታና በፈረሰው ግንብ ሥር እንደ ልቡ ይበቅላል። አበባው ነጭ ነው፤ የሴት ቀሚስ ተገልብጦ የተሰጣ ይመስላል። ፍሬው እሾሃም ነው። ቅጠሉ ሲጨፈለቅ የሚያቅለሸልሽ ሽታ አለው። አክስቴ «እሷን እንዳትነኪ፤ ታስለፈልፋለች» ብላኝ ስለነበር፣ የምትለፈልፈው ራሷ ተክሏ መሰለችኝ። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ጆሮዬን አበባው አፍ ላይ ደግኜ ቆየሁ። እናቴ ወዴት እንደሄደች ብትነግረኝ ብዬ ነው። አንድ ንብ ወጥታ ሄደች እንጂ ሌላ የሰማሁት ነገር የለም።

መጠጡ የሚቀርብበት ዕቃ ሌላ ነገር ያልነካው አዲስ ሸክላ መሆን አለበት አሉ አያ ጓንጉል። ስለዚህ አክስቴና እኔ ወለቃ ወርደን፣ ከመንገዱ ዳር ሸክላዋን ደርድራ ከተቀመጠች አንዲት የቤተ እስራኤል ሴት ዘንድ ቆምን። አክስቴ ካሉት ሁሉ ታናሿን እንስራ አነሣች።

«ለምን ይሆንሻል፣ እመቤቴ?» አለች ሸክላ ሠሪዋ።

«ለቅቤ።»

ሴትዮዋ እንስራዋን ተቀብላ አፏን በጣቷ ለካችው። «ለቅቤስ አፏ ጠበበ» አለች። አክስቴ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ሴትዮዋ እንደገና አየቻት፤ እኔንም አየችኝ፤ ከዚያ እንስራዋን በሣር ጠቅልላ ሰጠችን። «እግዜር ይመልስላችሁ» አለችን። ምን እንደሚመለስልን ስላልገባኝ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ እናቴ የተናገረች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

የሚጠጣበት ቀን ጠዋት ይስማውን ራሱን ላጩት። ከተላጨ በኋላ ጆሮዎቹ ገነው ልጅ ልጅ መሰለ። ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሳለ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ትፈራለህ?»

«አባየ ደስ እንዲለው እጠጣዋለሁ» አለ። የተላጨ ራሱን እየዳበሰ «ዓለሚቱ፣ ብሞት ከእማየ አጠገብ ይቀብሩኛል?»

«አዎ!» አልኩት ቶሎ ብዬ። ደስ የሚል መልስ በማግኘቴ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ሲጠጣ አላየሁም፤ አክስቴ ውጭ አስወጥታኝ ነበር። ኋላ በጓዳ በኩል ሾልኬ ስገባ ይስማው መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ አባየ አጠገቡ ሆኖ እጁን ይዞ ያዜምለታል። አያ ጓንጉል በሩን ዘግተው ቆመዋል። ወንድሜ ውሃ ውሃ ይላል፤ ሲሰጡት ግን ምላሱ ደርቆ መዋጥ ያቅተዋል። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ግንባሩን ብነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ አንዲት ጠብታ ላብ ግን የለችውም። ቀና ሲል ዓይኑን አየሁት። ሌላ ሰው ከውስጥ ሆኖ የሚያየኝ መሰለኝ።

ከዚያ እጆቹ ሥራ ጀመሩ። ከአየሩ ላይ አንድ ነገር ይለቅማል፤ በሁለት ጣቱ ይስበዋል፤ ይጠቀልለዋል፤ እንደገና ይስበዋል።

«እብደቱ ገባ» አሉ አያ ጓንጉል።

እኔ ግን ያን የእጅ አኳኋን አውቀዋለሁ። ክር ነው የያዘው።

«እማየ፣ ቀስ በይ» አለ ይስማው። «ይዤልሻለሁ። አይበጠስም፤ ይዤልሻለሁ።»

የአባየ ዜማ ቆመ። በሕይወቴ አባየ ዜማ መሐል ላይ ሲያቆም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አክስቴ አማተበች።

«የት ናት?» አለ አባየ።

«ይኸው፣ ምሰሶው ሥር።»

አባየ ያንን የማያይ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። እጁን ጥቂት ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ ካቆመበት ቀጠለ፤ ድምፁን ከፊተኛው ከፍ አድርጎ ነበር።

እኔም ወደ ምሰሶው አየሁ። የተሰቀለ ሌማት እንጂ ሰው የለም። ለእኔ የማትታየኝ ርቄ ስለቆምኩ ነው ብዬ ሄጄ ምሰሶውን ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ በቀኝም በግራም ተጠጋሁ። «ይስማው፣ እኔን አየችኝ ወይ? ዓለሚቱ መጥታለች በላት» አልኩት። አልሰማኝም። ክሩን ይስባል፤ ይስቃል፤ በረጅሙ ይነግራታል። እናቴ መጥታ ከእሱ ጋር ብቻ አወራች። አለቀስኩ። አክስቴ የፈራሁ መስሏት አቅፋ አወጣችኝ። አልፈራሁም፤ ተቀይሜያት ነበር።

ነገሩ ቀናት ፈጀ። አባየ ከአጠገቡ አልተነሣም፤ ድምፁ እስኪዘጋ አዜመለት። ማርከሻ ብለው ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበት፤ እርጎ አጠጡት። ይስማው አንድ ቀን ጠዋት «ራበኝ» አለ። አክስቴ ያችን የወለቃ እንስራ አውጥታ ከግንቡ ድንጋይ ጋር አጋጨቻት። ስባሪዋን እየረገጠች «ቅቤ!» እያለች ትሳደብ ነበር።

ደስታችን ግን ቶሎ ሙሉ አልሆነም። ይስማው ወደ ውጭ ሲወጣ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ፀሐዩ ወጋው። አባየ ብራናውን አስይዞት «አንብብ እስቲ» ሲለው ልጁ ብራናውን አቀረበ፣ አራቀ፣ እንደገና አቀረበ።

«ፊደሉ አይታየኝም፣ አባየ።»

የአባቴን ፊት ያን ጊዜ ባታዩት ይሻላል። ተነሥቶ ያለ መሪ፣ ያለ በትር፣ በግድግዳው እየተደገፈ አያ ጓንጉል ወደተቀመጡበት ሄደ። «ዓይኑን ወሰድክብኝ?» አላቸው። «አያ ጓንጉል፣ የልጄን ዓይን ወሰድክብኝ?»

«ይመለሳል፤ በማርያም፣ የእኔም ተመልሷል» አሉ ሽማግሌው። አባየ እየታገሠ በየጠዋቱ ይስማውን ደጅ አስቀምጦ «አሁንስ?» ይለዋል። «ገና ነው» ይላል ልጁ። አንድ ቀን «ታየኝ» አለ። አባየ መሬት ላይ ተደፍቶ ሰገደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ትምህርቱ ያዘለት። የተነገረውን አይለቅም፤ የጠፋውም ተመለሰ። አያ ጓንጉል «አላልኩም?» እያሉ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። መድኃኒቱ ነው አሉ ሁሉም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አባየ ያን ያህል ቀን እጁን ይዞት ስለተቀመጠ ነው እላለሁ፤ ከእማየ ሞት ወዲህ ልጁን በእጁ ሲይዘው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ግን እኔን ማን ይጠይቀኛል፤ ዶክተር አይደለሁ፣ ደብተራ አይደለሁ።

ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ማርያም ንግሥ ዕለት፣ ይስማው ከመሪጌቶቹ መካከል ቆሞ ዜማ መራ። ድምፁ እስከ ሴቶቹ መቆሚያ ጥርት ብሎ መጣ። ሕዝቡ «የማን ልጅ ነው?» ሲል አክስቴ «የእኛ ነዋ!» ብላ እልል አለች፤ አብሾውን ስታማ የነበረች እሷ አትመስልም። አባየ በመቋሚያው ላይ አገጩን አሳርፎ እንባው በፈንጣጣው ጠባሳ ላይ እየተንኳለለ ይወርድ ነበር።

ከንግሡ በኋላ የበዓሉን ልብስ ልናጥብ እኔና ይስማው ወደ ቀሃ ወንዝ ወረድን። እንዶዱን በድንጋይ ወቅጠን አረፋ አስነሣን። በመጨረሻ ብቻችንን ሆነን ስላገኘሁት፣ ይዤው የከረምኩትን ጥያቄ አወጣሁት።

«እማየ ምን አለችህ?»

«መቼ?»

«ጠጥተህ ሳለ ነዋ። ምሰሶው ሥር ተቀምጣ። ክር ይዘህላት።»

እጁን ከአረፋው አወጣ። «ከዚያ ቀን የማስታውሰው ነገር የለም» አለ። «መጠጡን ስቀበል ትዝ ይለኛል። ከዚያ ራበኝ ያልኩት። መሐሉ የለም።»

እናቴ መጥታ፣ ከእሱ ጋር ብቻ አውርታ፣ እሱ ደግሞ ረሳው! በንዴት ውሃ ረጨሁበት። እሱ ግን አልሳቀም፤ አልረጨኝም።

«ዓለሚቱ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ለአባየ እንዳትነግሪ። የእማየ መልክ ጠፋኝ። ድምጿን አስታውሳለሁ፤ እጇን አስታውሳለሁ። ፊቷን ላየው ስል ግን የለም። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ድጓው ብቻ ነው።»

የዚያን ጊዜ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የገባኝ መሰለኝ። የሰው ራስ ጎተራ ነው ብዬ አሰብኩ። ድጓው ትልቅ ነው፤ አይገባም አለ፤ ስለዚህ እማየን አውጥተው አፈሰሱለት። ዛሬ የሰው ራስ እንዲህ እንደማይሠራ አውቃለሁ። በመድኃኒቱ ይሁን በሐዘኑ፣ ወይስ የሞተ ሰው መልክ ከሁላችንም እንደሚሸሸው ዝም ብሎ ሸሽቶት ይሆን፣ ያንን ወጣት ዶክተር ልጠይቀው አስቤ ነበር። ቢያውቀውም ባያውቀውም ለውጥ ስለሌለው ተውኩት።

ያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር የጌቶች ነበር። የእማየ መልክ ያለው በሰው ራስ ውስጥ ብቻ ነው። አባየ አይቷት አያውቅም። አክስቴ ለሠርግና ለለቅሶ እንጂ መች ቀርባት ታውቅና። ስለዚህ እኔ ነበርኩ የቀረሁት። ያን ሳስብ ልቤ ደነገጠ፤ እየሮጥኩ ብወድቅ የምትፈስ መሰለኝ። ልብሱን በራሴ ላይ አልሸከምም ስላልኩ ይስማው ብቻውን ተሸከመው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እሱ ትምህርቱን ሲጨርስ፣ ከግንቡ ሥር ከአስተናግሩ ራቅ ብለን እየተቀመጥን እነግረዋለሁ። ጠይም ነበረች እለዋለሁ። ድዷ ተነቅሶ ነበር፤ ስትስቅ ጥቁር ሰማያዊ ይታያል። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። ቅንድቧ አንዱ ከአንዱ ከፍ ይላል። ይስማው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል፤ እንደ ድጓው ደግሞ ያጠናዋል። «ጠይም፣ ድዷ ንቅስ፣ ጥርሷ ፍንጭት» ይላል። «መጣችልህ?» እለዋለሁ። «ልትመጣ ነው» ይለኛል። አዲስ ነገር ሳጣ አንዳንዱን ከራሴ ጨምሬ ይሆናል፤ አሁን የትኛው የራሴ እንደነበር መለየት አልችልም።

አንድ ከሰዓት እንደዚያው ተቀምጠን ሳለ፣ «ማርያም የሳመቻት ምልክትም ነበራት» አልኩት። «ጉንጯ ላይ፣ ጥቁር፣ የምስር ፍሬ የምታክል።»

«ምልክት ነበራት?»

የጠየቀው ይስማው አይደለም። ዞር ብንል አባየ ከፈረሰው ግድግዳ ወዲያ በትሩን ይዞ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ። ይስማው ደንግጦ ተነሣ። ሁሉን እንደሰማ ከፊቱ ታወቀን። እኔ ጅራፍ የሚመጣ መስሎኝ ተኮራመትኩ።

አባየ አልተቆጣም። በበትሩ እየዳሰሰ መጣና ከመካከላችን ተቀመጠ። የልጁን ራስ ፈልጎ አገኘ፤ ጸጉሩ ገና ብቅ ብቅ ማለቱ ነበር፤ እጁን እዚያው ላይ አኖረው።

«ልጄ፣ ልብህን እከፍታለሁ ብዬ…» አለና ተወው። ይስማው ያን ጊዜ አለቀሰ። ከቀብሯ ጀምሮ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። አባየ አላባበለውም፤ አብሮት አለቀሰ። እኔም ሁለቱ ካለቀሱ ብዬ ተከተልኳቸው።

ከብዙ በኋላ አባየ አፍንጫውን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ፊቷን በእጄ አውቀዋለሁ» አለ። «ቅንድቧን፣ ጥርሷን፣ ሁሉን አውቀዋለሁ። ያን ምልክት ግን አላገኘሁትም። ማንም አልነገረኝም፤ እሷም አልነገረችኝም።»

«ልሙጥ ነው እኮ፣ አባየ። በእጅ አይያዝም።»

«አሃ» አለ። «የት ላይ ነው፣ ዓለሚቱ? ቀጥይ እስቲ፤ አሳይኝ።»

ጣቱን ይዤ የራሴ ጉንጭ ላይ አሳረፍኩለት። «እዚህ ጋ» አልኩት። ጣቱን ሳያነሣ ብዙ ቆየ። ይስማው በዚያ በዳነው ዓይኑ ጉንጬን ትክ ብሎ ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እያጠናው ነበር።

ግራ ጉንጬ ላይ ነበር ያሳየኋቸው። ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ ግራ ነው ብለው ያዙት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግራ ይሁን ቀኝ ያን ቀንም እርግጠኛ አልነበርኩም።